የጨው ውሃ ኤሌክትሮሊሲስ በቤት ዕቃ፦ የሚበላሸው ሁሌ ከፖዘቲቩ ጫፍ ነው

ጠመኔ12፦

ሰላም ለዚህ ቤት። 12ኛ ክፍል ኤሌክትሮኬሚስትሪ ሲደርስ በሰሌዳ ብቻ ከማለፍ የጨው ውሃ ኤሌክትሮሊሲስን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ከጨው ውሃ ሃይድሮጅንና ክሎሪን ማውጣትን፣ ጠረጴዛ ላይ ለማሳየት የሚሆን አሠራር ላስቀምጥ፤ እናንተ ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

በየቪዲዮው የሚታየው ሁለት ሚስማር፣ አንድ ብርጭቆ የጨው ውሃና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቀስ እያለም የዝገት ቀለም ይይዛል። ያየ ሁሉ «ጨዉ ቆሻሻ ነበረበት» ይላል። ጨዉ ምንም አላደረገም፤ የደፈረሰው ሚስማሩ ራሱ ነው። ፖዘቲቩ ጫፍ ካገኘው ነገር ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ክሎራይድ አለ፣ ውሃ አለ፣ ብረትም አለ። ከሦስቱ ኤሌክትሮን ለመልቀቅ የሚቀናው ብረቱ ስለሆነ ክሎሪን ከመውጣቱ በፊት ሚስማሩ ይሟሟል። በኔጌቲቩ በኩል ግን ሚስማርም ይሁን ማንኪያ ችግር የለም። እዚያ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ውሃ ነው፤ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ብረቱ አይነካም። ስለዚህ ድካሙ ሁሉ ለፖዘቲቩ ይሁን፤ እዚያ ካርቦን ይግባ።

ለአንድ ማሳያ የሚበቃው 500 ሚሊ ሊትር ውሃና 150 ግራም ጨው ነው። ሚዛን ለሌለው፣ አፉ የተስተካከለ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ዘጠኝ ማንኪያ በሉት። ውሃው ለብ ቢል ቶሎ ይሟሟል፤ ሲጠራ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። የእርጎ ወይም የማርጋሪን ሰፊ የላስቲክ ዕቃ ውሰዱና መቀመጫውን በጋለ ሚስማር ሁለት ቦታ ብሱ፤ በቀዳዳዎቹ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ሁለቱን ዘንጎች (ለፖዘቲቩ ካርቦን፣ ለኔጌቲቩ ካርቦን ወይም ሚስማር) ከታች ወደ ላይ አስገቡ። ወደ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ታች 2 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑና አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ሽቦው የሚያያዘው ከዕቃው በታች፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ጋዙን ለመሰብሰብ ሁለት ባለ 10 ሚሊ ስሪንጅ በቂ ነው። መግፊያውን አውጡ፣ መርፌ የሚሰካበትን ጫፍ በሙቅ ሙጫ ዝጉ፣ የጣት መያዣ ክንፉን በመቀስ ቁረጡ። እዚያው የጨው ውሃ ውስጥ አስተኝታችሁ ሞልታችሁ፣ አየር ሳይገባ ገልብጣችሁ በየዘንጉ ላይ አልብሱት። የስሪንጁ አፍ መቀመጫው ላይ ድፍን ብሎ ከገጠመ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል፤ ጠርዙን ሁለት ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡት።

---

ካርቦን6፦

መምህር፣ ጥሩ ነው። የካርቦኑን ምንጭ ላስፋው፤ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው።

እርሳስ ይሠራል፣ ግን የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ብቻ ሳይሆን ከሸክላ አፈር ጋር የተቀላቀለ ነው። ባለ ኤች እርሳስ ሸክላው ይበዛል፣ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም። ለሥዕል የሚሸጠው 4ቢ ወይም 6ቢ ይሻላል። እንጨቱን ሙሉ በሙሉ ላጡት፤ እንጨት ውሃ ይመጥና ያብጣል፣ ሲሊኮኑን ይገፋል፣ ከታች ያለው ሽቦ ጋ የጨው ውሃ ያደርሳል።

ከእርሳስ የሚበልጠው ርካሹ ባትሪ ድንጋይ ነው፦ ላዩ ላይ «አልካላይን» ያልተባለው፣ የዚንክ ካርቦኑ። መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ካርቦን ነው። የትልቁ ድንጋይ ዘንግ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ የትንሹ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለስሪንጁ የትንሹ ይመረጣል። የላይኛውን ቆርቆሮ በፒንሳ አንሱ፣ ዘንጉን እያሽከረከሩ መሳብ ነው። አልካላይን ባትሪ አትክፈቱ፤ ውስጡ ካርቦን ዘንግ የለም፣ ቆዳ የሚያቃጥል ፖታሽ ነው ያለው። የስልክ ወይም የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ መክፈት ደግሞ እሳት መጫር ነው።

ዘንጉ ላይ የሚቀረው ጥቁር ጭቃ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና የካርቦን ዱቄት ነው፤ ብዙ ጊዜም አሞኒየም ክሎራይድ አለበት። ይህኛው ዋዛ አይደለም። አሞኒየም ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን ይወጣዋል፤ ጠረኑ አፍንጫና ዓይን ይቆነጥጣል። ስለዚህ ዘንጉን በሳሙና አጥቡ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ውሃ እየቀየራችሁ አሥር አሥር ደቂቃ ቀቅሉት፤ ማብሰያ ባልሆነ ጣሳ። መቀቀሉ አብዛኛውን ጊዜ በዘንጉ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለውን ሰምም ያወጣዋል። ሰም የቀረበት ዘንግ ውሃ አይዝም፣ አረፋው ቦታ ቦታ እየመረጠ ይወጣል።

---

ናስትሮ፦

ስለ ኃይል ምንጩ ማንም አልተናገረም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ከግድግዳ ሶኬት ቀጥታ ሽቦ አውጥቶ የጨው ውሃ ውስጥ መንከር ይገድላል። የ220 ቮልቱን ነገር በዚሁ ዝጉት።

ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለአጭር ማሳያ ይሆናል፤ ቶሎ ይደክማል እንጂ አይጎዳም። የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ነው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አሮጌ ገመድ ቁረጡ፣ ቀይና ጥቁሩን አውጡ፣ ሌሎቹን ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉ። በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ከተቆረጠ ቻርጀሩ ኃይል አይለቅም፤ ስልክ መሰካቱን ካላረጋገጠ አይከፍትም። አንደኛው ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ የሆነውን ተጠቀሙ። ፓወር ባንክም ጅረቱ ካነሰበት «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ በየደቂቃው የሚቋረጥባችሁ ለዚህ ነው።

የራውተር አዳፕተር 12 ቮልት 1 አምፒር ጥሩ ነው፣ ግን ጀርባውን አንብቡ። «ውጤት» (OUTPUT) በሚለው በኩል ዲሲ መሆን አለበት። ኤሲ የሚያወጡ የድሮ የሞደም አዳፕተሮች አሉ፤ በእነሱ ሁለቱም ዘንግ በየተራ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለሚሆን ሃይድሮጅኑና ክሎሪኑ አንድ ስሪንጅ ውስጥ ይቀላቀላል። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ተቀላቅሎ ጠንካራ ብርሃን ቢያገኘው እንኳ ይፈነዳል፤ ክብሪት አይፈልግም።

ከአዳፕተሩ ጋር በተከታታይ የሞተር ፍሬቻ አምፖል አስገቡ፣ 12 ቮልት 10 ዋት። ሁለቱ ዘንጎች ቢነካኩ አምፖሉ ይበራል፣ ጅረቱም ከ0.83 አምፒር አያልፍም። ያለ አምፖል ግን ሽቦ ወይም አዳፕተር ታቃጥላላችሁ። የመኪና ባትሪን ያለ አምፖል አትሞክሩት፤ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር የሚተፋ ነገር ነው።

መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ትንሽ ሶላር ፓነል ከሁሉም ይሻላል። ባለ 10 ዋቱ ፓነል ቢነካካም ከ0.6 አምፒር ብዙ አያልፍም፤ በተፈጥሮው ራሱን ይገድባል።

የገመዱ ቀለም ላይ እምነት አይጣል። ርካሽ ገመድ ውስጥ ቀዩ ኔጌቲቭ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን የመዳብ ጫፎች የጨው ውሃ ውስጥ ለአምስት ሴኮንድ ንከሩ፦ ብዙ አረፋ የሚያወጣው ኔጌቲቩ ነው፣ ቀለሙ የሚለወጠው ፖዘቲቩ።

---

ሐይቅ_ዳር፦

በመምህሩ አሠራር ሠርቼ በኔጌቲቩ በኩል ስሪንጁ ግማሽ ሲሞላ በፖዘቲቩ በኩል ምንም የለም ማለት ይቻላል። መጽሐፉ እኩል በእኩል ነው የሚለው። ምን ጎደለ?

---

ካርቦን6፦

ምንም አልጎደለም። መጽሐፉ የሚቆጥረው የተፈጠረውን ክሎሪን ነው፣ ስሪንጁ የሚቆጥረው ያልሟሟውን። ክሎሪን ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፦ በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ወደ 7 ግራም ይገባል። በጨው ውሃ ያንሳል፣ ግን ያ ስሪንጅ ሊሠራው ከሚችለው በብዙ ይበልጣል። የተረፈውም ከኔጌቲቩ በኩል ተንሳፎ ከሚመጣው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) ጋር ተገናኝቶ ሃይፖክሎራይት ይሆናል፤ ማለትም በረኪና። ፖዘቲቩ አካባቢ ያለው ውሃ በክሎሪን እስኪጠግብ ድረስ ከቆያችሁ ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ መታየት ይጀምራል። እስኪታይ ድረስ መቆየቱን ግን አልመክርም፤ ምክንያቱን ከታች ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብዬ እገምታለሁ።

የሚለካው ሃይድሮጅን ነው። በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ ተፎካካሪም የለውም።

---

ቁጥር_ወዳድ፦

በቁጥር እንየው። 1 አምፒር ለ1 ሰዓት ማለት 3,600 ኩሎምብ ነው። በፋራዴይ ቁጥር (አንድ ሞል ኤሌክትሮን የሚይዘው ኩሎምብ፣ 96,485) ሲካፈል 0.0373 ሞል ኤሌክትሮን፤ ለአንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚያስፈልግ 0.0187 ሞል ሃይድሮጅን።

አሁን መጽሐፉ «22.4 ሊትር» ብሎ የሚያባዛው እዚህ አገር አይሠራም። 22.4 በባሕር ወለል፣ በዜሮ ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ በ20 ዲግሪ አንድ ሞል ጋዝ ወደ 32 ሊትር ይይዛል። የምጽዋ ተማሪና የእንጦጦ ተማሪ አንድ ዓይነት ባትሪ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ተጠቅመው የእንጦጦው ስሪንጅ ከሩብ በላይ ቀድሞ ይሞላል።

በዚሁ ስሌት አዲስ አበባ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ለመሙላት 60 ኩሎምብ ገደማ ይበቃል። 0.2 አምፒር ቢሆን አምስት ደቂቃ ነው። ያው ጅረት በባሕር ወለል ሰባት ደቂቃ ሊጠጋ ይፈልጋል። ቴስተር የሌለው ሰው ነገሩን ገልብጦ ሊጠቀምበት ይችላል፦ 10 ሚሊው የሞላበትን ሴኮንድ ለ60 ማካፈያ አድርጉት፣ የሚወጣው ጅረቱ በአምፒር ነው። ጋዙ ውስጥ የውሃ ተን ስላለ ሁለት ሦስት በመቶ ያዛባል፤ ለክፍል ልምምድ ግድ የለም።

ስሪንጁን ስታነቡ ከላይ ያሉትን መስመሮች ብቻ እመኑ። ከታች ዘንጉ ራሱ ቦታ ስለያዘ መስመሩ ከእውነቱ በላይ ያሳያል።

---

ጠመኔ12፦

የከፍታው ነገር ድንቅ ነው፣ ለጥያቄም ይሆናል። አንድ ተማሪ ሁሌ የሚጠይቀው አለ፦ «ሶዲየሙስ የት ሄደ? ለምን ኔጌቲቩ ላይ አይለጠፍም?» ለዚህ አጭር መልስ ያላችሁ?

---

ቁጥር_ወዳድ፦

ሶዲየም አዮን ኤሌክትሮን እንዲቀበል −2.71 ቮልት ይፈልጋል፤ ውሃ በ−0.83 ይቀበላል። ውሃ ባለበት ሶዲየም ተራው አይደርሰውም። ውሃው ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ ክሎራይዱ ሲሄድ አጠገቡ የሚቀረው ሃይድሮክሳይድ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 ሶዲየምን ያገኘው ውሃውን አስወጥቶ ኮስቲክ ሶዳን አቅልጦ ነው።

ቮልቱንም ከዚሁ ማየት ይቻላል። ክሎሪንና ሃይድሮጅን ለማውጣት በንድፈ ሐሳብ 2.2 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ምንም የማያሳየው ለዚህ ነው፤ ሁለት በተከታታይ ቢደረግ ቀጭን አረፋ ይጀምራል። ከዚያ በላይ ያለው ቮልት በዘንጉና በውሃው መቋቋም ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

---

አየር_ይግባ፦

ካርቦን6 የጠቆመውን ልጻፈው። 1 አምፒር ሰዓት እስከ 1.3 ግራም ክሎሪን ይሠራል። 0.5 አምፒር ለአንድ ሰዓት 0.66 ግራም። ትንሽ ይመስላል። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ያ ክሎሪን ሁሉ ቢወጣ በአንድ ሜትር ኩብ 22 ሚሊ ግራም ነው። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ ለአፍታም እንዳይታለፍ ያስቀመጠው ጣሪያ 3 ሚሊ ግራም ነው። እውነት ነው፣ አብዛኛው ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ግን ፊቱን ዕቃው ላይ ደፍቶ የሚመለከት ልጅ የሚተነፍሰው የክፍሉን አማካይ አየር አይደለም።

ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ጠረጴዛው ከልጆቹ ፊት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ወደ እነሱ ነው የሚወርደው። በረንዳ ላይ ወይም ሁለት መስኮት ተከፍቶ፣ ነፋስ ከጀርባ ሆኖ ይሠራ። ለማሳያ አሥር ደቂቃ፣ 0.2 አምፒር በቂ ነው። የበረኪና ሽታ ጎልቶ ከመጣ ሽቦው ይነቀል። አስም ያለበት ልጅ ከሩቅ ይይ።

ያው ውሃ ውስጥ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ማንኛውም ኮምጣጣ ነገር አይግባ፤ የታሰረውን ክሎሪን በአንዴ ይለቀዋል። «ጅረቱ እንዲጨምር ሎሚ ጨምሩበት» የሚል ምክር አይቻለሁ፤ ጅረት የሚፈልግ ጨው ይጨምር።

ሃይድሮጅኑን በክብሪት መፈተን የሚፈልግ ከ10 ሚሊው ስሪንጅ በላይ አይሰብስብ። አፉን በጣት ዘግቶ፣ ከዕቃው ርቆ ወስዶ፣ አፉን ወደ ታች እንዳደረገ ክብሪቱን ያስጠጋ። «ጷ» ይላል፣ አለቀ። ጠርሙስ ሙሉ መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው መጠን ሁሉ ይቀጣጠላል፤ ላስቲክ ጠርሙስ ቢሰነጠቅ ዓይን ላይ ነው የሚደርሰው።

---

ጀማሪ_ነኝ፦

ለምን ይሄን ሁሉ እንደክማለን? የማይዝግ ብረት ማንኪያ አለኝ፣ «የማይዝግ» ነው ስሙ። ሁለቱንም ጫፍ በማንኪያ ሠራሁ፣ አረፋው ከካርቦኑ ይበልጣል።

---

ካርቦን6፦

አረፋው ቢበዛም ውሃውን እስኪ እዩት። ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ቡናማ ዝቃጭ ካለ ማንኪያው እየሟሟ ነው። አይዝጌ ብረት የማይዝገው ላዩ ላይ ባለ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ክሎራይድና ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ላይ ሽፋኑን ይበሱታል። ከብረቱ ጋር ኒኬልና ክሮሚየም ይወጣል። ክሮሚየሙ ከፊሉ ባለ ስድስት ቫሌንሱ ሊሆን ይችላል፤ እሱ መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ያን ውሃ በእጅ አትንኩት፣ ማንኪያውም ወደ ምግብ አይመለስ። በኔጌቲቩ በኩል ብቻ ከሆነ ማንኪያው ምንም አይሆንም።

መዳብ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ቆይቶም ቢጫ ብርቱካን ዝቃጭ ታያላችሁ። አሉሚኒየም በሁለቱም በኩል አይሆንም፤ ኔጌቲቩ አካባቢ የሚፈጠረው ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል።

---

የሸክላ_ግድግዳ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ለዚህ ሙከራ ዋናው ውበት የምለው ሁለቱን ወገን መለየት ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ክሎሪኑና ኮስቲክ ሶዳው ተገናኝተው በረኪና ይሆናሉ፣ ሁለቱም ለብቻቸው አይታዩም። የድሮዎቹ ፋብሪካዎች በመካከል አዮን የሚያሳልፍ ግን ውሃውን የማያቀላቅል ግድግዳ ያደርጉ ነበር። እኛ ጋ ያ ግድግዳ ገበያ ላይ አለ፦ ያልተሟሸ ትንሽ የሸክላ ዕቃ፣ የፍም ማጨሻ ወይም ስኒ የሚያህል።

«ያልተሟሸ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሸክላ ሲሟሽ ዘይቱና ጭሱ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ለወጥ መልካም ነው፣ ለዚህ ግን ግድግዳው ድፍን ይሆናል። ሲገዛ መፈተኛው፦ ውሃ ሞልታችሁ ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጪው ካላበና ወረቀቱ ከረጠበ ጥሩ ነው። ካላበ ሳይሆን ከተንጠባጠበ ስንጥቅ አለበት፣ ይመለስ።

አሠራሩ፦ ሸክላውን አንድ ሌሊት በጨው ውሃ ዘፍዝፉት። በሰፊ ዕቃ መሐል አስቀምጡት። ከውጪ 300 ግራም በሊትር የሆነው ወፍራሙ የጨው ውሃና የካርቦን ፖዘቲቭ፤ ከውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ቀለል ያለ የጨው ውሃና ሚስማር ኔጌቲቭ። የውጪው ውሃ ከውስጡ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ሃይድሮክሳይዱ ወደ ፖዘቲቩ እንዳይመለስ ይገፋዋል። ደረጃው ከተገለበጠ ግን ሁለቱም ወገን በረኪና ይሸታል።

ሸክላው መቋቋም ስለሚጨምር 5 ቮልት ላይ ጅረቱ በጣም ይወርዳል፤ እዚህ ጋ ነው የ12 ቮልት አዳፕተሩ ከነአምፖሉ የሚጠቅመው። 0.5 አምፒር አንድ ሰዓት ቢሄድ ቢበዛ 0.75 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከውስጥ ይጠራቀማል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲሆን ፒኤቹ ከ13 በላይ ነው፤ ጣትን ያንሸራትታል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ግን አደገኛ ነው። መነጽርና ጓንት።

ለማሳየት እርድ ተጠቀሙ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ በትንሽ አልኮል በጥብጣችሁ፣ ወረቀት ነክራችሁ አድርቁ። ከሸክላው ውስጥ ጠብታ ሲያርፍበት ቀይ ቡኒ ይሆናል፤ ከውጪው ጠብታ ሲያርፍበት ቢጫው ይነጻል። ከርከዴም ይሆናል፦ በኮስቲኩ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በክሎሪኑ ቀለሙ ይጠፋል። ሁለት ጠብታ፣ ሁለት ወረቀት፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

---

ሐይቅ_ዳር፦

ጥያቄ፦ የታሸገ አዮዲን ያለበት ጨው ነው ያለኝ። አሞሌ ይሻላል?

---

የሸክላ_ግድግዳ፦

አዮዲኑ እጅግ ጥቂት ነው፣ ሙከራውን አይነካም። አሞሌ አዮዲን የለውም፣ ግን ሲፈጭ ጭቃና የማግኒዚየም፣ የካልሲየም ጨዎች አብረውት አሉ። እነዚህ ኔጌቲቩ አጠገብ ሃይድሮክሳይድ ሲያገኙ ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይለጠፋሉ፣ ሸክላውንም ይደፍናሉ። አሞሌ ብቻ ካላችሁ አሟሟችሁ፣ ትንሽ ኮስቲክ ካለፈው ሙከራ ጨምራችሁ፣ ነጩ ሲዘቅጥ በጨርቅ አጥልሉት። ሥራው ጥሩ ነው፤ ፋብሪካም የሚጀምረው በዚሁ ነው።

---

ጀማሪ_ነኝ፦

እንግዲህ በረኪና ከሆነ በዚህ መንገድ ለቤት በረኪና እየሠራን፣ የመጠጥ ውሃም ማከም እንችላለን ማለት ነው?

---

ቁጥር_ወዳድ፦

በዚህ ዕቃ አይሆንም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ጄኔቫ ያለው አንቴና ፋውንዴሽን ያበለጸገው ዋታ የሚባለው፦ በሊትር 25 ግራም ጨው ገብቶ በሊትር 6 ግራም ንቁ ክሎሪን ይወጣል። 6 ግራም ለመድረስ በ0.5 አምፒር፣ አንድም ሳይባክን፣ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። በእውነቱ ብዙ ስለሚባክን በጣም ይረዝማል። ያ መሣሪያ ፖዘቲቩ የተሸፈነ ቲታኒየም ነው። የእኛ ካርቦን በቀጭን የጨው ውሃ ውስጥ ለዚያን ያህል ሰዓት አይቆይም። ጨው ሲያንስ ከክሎሪኑ ጋር ኦክስጅን ይወጣል፣ ኦክስጅኑ ካርቦኑን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላዋል፣ ዘንጉ ይፈረፈራል፣ ውሃው ይጠቁራል። መምህሩ 300 ግራም በሊትር ያሉት ለዚህም ነው፤ ጨው ሲወፍር ዘንጉ ይበረክታል።

ጥቁረቱ ቢጠራ እንኳ ጥንካሬው አይታወቅም። ያልተለካ ክሎሪን ለመጠጥ ውሃ ከጨመሩ ወይ አንሶ ጀርም አይገድልም፣ ወይ በዝቶ ይጎዳል። ሲሞቅም ሃይፖክሎራይቱ ይበላሻል።

---

አየር_ይግባ፦

መስኮት የማይከፈት ክፍል ላላቸው መምህራን፦ ጨዉን ትታችሁ ቤኪንግ ሶዳ ተጠቀሙ፤ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ እሱ አሲድና ስታርች አለበት። 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 40 ግራም። ክሎራይድ ስለሌለ ክሎሪን አይወጣም፤ በፖዘቲቩ ኦክስጅን ነው፣ ከራሱ ከቤኪንግ ሶዳውና በጥቂቱም ከካርቦኑ የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከተለዋል። ሃይድሮጅኑ ያው ነው፣ የቁጥር_ወዳድ ስሌት ሳይለወጥ ይሠራል። ጅረቱ ከጨው ያነሰ ስለሆነ የ5 ቮልቱን ቻርጀር በ9 ወይም በ12 ቮልት ተኩት፣ አምፖሉ ሳይረሳ። የጨው ውሃ የነበረበትን ዕቃ ሳታጥቡ ቤኪንግ ሶዳ አታድርጉበት፤ የቀረው ጨው ክሎሪን ይዞ ይመጣል።

---

ሐይቅ_ዳር፦

ከሠራሁ በኋላ ውሃውን የት ልድፋው? ደግሞ ሚስማሩ ላይ የተለጠፈው ነጭ ነገር በምን ይለቃል?

---

ካርቦን6፦

ካርቦንና ሚስማር ብቻ የነበረበት ከሆነ በሰፊ ዕቃ ከቤት ውጪ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ሃይፖክሎራይቱን ፀሐይ ያፈርሰዋል። ልጅና እንስሳ አይድረስበት። ከዚያ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ፍሳሽ ውስጥ ድፉት። ጓሮ አይደፋ፣ ጨዉ ተክል ያደርቃል። አጥልላችሁ በታሸገ ላስቲክ ጠርሙስ ለሚቀጥለው ክፍል ማስቀመጥም ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ አለዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪን ይጠራቀማል። የጎደለውን ጨው ሞልታችሁ እንደገና ተጠቀሙበት። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፍበት፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

የማንኪያው ውሃ ግን ክሮሚየም ስላለበት አይደፋ። ጓንት አድርጋችሁ ክፍት ዕቃ ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ውጪ ላይ ይትነን። ደረቁ ዝቃጭ በላስቲክ ታስሮ፣ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ፤ የከተማችሁ ላቦራቶሪ ወይም ኮሌጅ የኬሚካል ቆሻሻ የሚያስወግድ ከሆነ ለእነሱ ስጡ።

ነጩ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድና የኖራ ዝርያ ነው፣ አቼቶ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢዘፈዘፍ ይለቃል። ግን ሚስማሩ በመጀመሪያ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ዘፍዛፊውም ዕቃ ሌላ ይሁን፤ አየር_ይግባ ስለ ኮምጣጣ የጻፈውን መልሳችሁ አንብቡት።